የትንሿ ትራክተር የመጀመሪያ ዘይት

ባለፈው ሳምንት በካዛንቺስ በኩል ሳልፍ፣ አዲሱ ሰፊ መንገድ ዳር በተዘረጋው ሣር ላይ አንዲት ትንሽ ብርቱካናማ ትራክተር ሣር ስታጭድ አየሁ። ነጂዋ ጆሮው ውስጥ ማዳመጫ የሰካ ወጣት ነው፤ እሱ ብቻ በሚሰማው ዘፈን ጭንቅላቱን ይነቀንቃል። እኔ ደግሞ እዚያው የእግረኛ መንገድ ላይ ቆሜ ሞተሯን ማዳመጥ ጀመርኩ። አላፊ አግዳሚው ምን ነካት ሳይል አልቀረም፤ ነጠላ የለበሰች፣ ሽበት ያወጣች ሴትዮ ከትራክተር ጭስ ጋር ተፋጥጣ ስትቆም። ጭሱ ነጭ አልነበረም፣ ሰማያዊም አልነበረም። ድምፁም የተስተካከለ ነው። "ደህና ተይዛለች" አልኩ በልቤ። ታክሲ መጠበቁን ተውኩና በእግሬ ወደ ደምበል ቁልቁል ወረድኩ። አንዳንድ ነገር ተቀምጠው አያስታውሱትም፤ እየተራመዱ ነው የሚመጣው።

ነገሩ የሆነው በእኛ አቆጣጠር ዘጠናዎቹ እንደገቡ ነው። ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ነበርኩ፤ ከቴክኒክ ትምህርት ቤት በአውቶ መካኒክነት ተመርቄያለሁ። አብረውኝ የተማሩት ወንዶች አንድ በአንድ ጋራዥ ገቡ። እኔ ሰርተፊኬቴን በላስቲክ ጠቅልዬ ከሰንጋ ተራ እስከ ጎተራ ያልረገጥኩት ጋራዥ የለም። ባለቤቶቹ ክፉ ሰዎች አልነበሩም። ወንበር ይስቡልኛል፣ ሻይ ያዝዙልኛል፣ ከዚያ "ጎበዝ ነሽ፣ ሂሳብ ሠራተኛ ስንፈልግ እንጠራሻለን" ብለው በክብር ይሸኙኛል። የሻዩ ብዛት እስካሁን ይገርመኛል።

ቤታችን ቄራ ነበር። አባቴ ደምሴ ይባላል፤ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ በሚገኝ አንድ ሉካንዳ ሥጋ ቆራጭ ነበር። ትልቅ ሰውነት፣ ትንሽ ንግግር ያለው ሰው ነው። የግራ እጁ ሌባ ጣት ከጫፉ የለችም፤ ገና በወጣትነቱ ቢላዋ ወስዷታል። መካኒክነት ስማር አልተቃወመም፣ ግን ትምህርቱ ዞሮ ዞሮ ቢሮ ያስገባታል ብሎ ነው። እሱ ዕድሜውን ሙሉ በደምና በሞራ መካከል ቆሞ ሲሠራ ኖሮ፣ ልጁ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ እጇ ነጭ ሆኖ እንድትኖር ይመኝ ነበር። አሁን እኔም ልጆች ካሳደግኩ በኋላ ምኞቱ ይገባኛል። ያን ጊዜ ግን ጥፍሬ ሥር ትንሽ ጥቁር ነገር ሲያይ ፊቱን የሚያዞረው ለምን እንደሆነ አይገባኝም ነበር።

ታዲያ በዚያ መስከረም አንድ ዘመዳችን ካዛንቺስ ከሚሠራበት መሥሪያ ቤት ጥሩ ወሬ ላከ። መዝገብ ቤት ሰው ይፈልጋሉ፤ ኃላፊውን አነጋግሮታል፤ ሰኞ ጠዋት ልምጣ። አባቴ ያን ቀን ማታ ከሉካንዳው ሽንጥ ይዞ መጣ። እናቴ በሮዝመሪና በቃሪያ ጠብሳው ቤቱ በጥብሱ መዓዛ ተሞላ። አባቴ ከጥብሱ መካከል ለስላሳውን እየመረጠ ወደ እኔ በኩል ይገፋልኛል። ደስታው ከትሪው ላይ ይታይ ነበር።

ከሁለት ቀን በኋላ፣ ቅዳሜ ጠዋት እትዬ ብርቄ በራችንን አንኳኩ።

እትዬ ብርቄ ጎረቤታችን ናቸው። ከቄራ በታች፣ ወንዙ ዳር፣ ጎመንና ሰላጣ፣ ካሮትና ቀይ ሥር የሚያለሙ ሰዎች ማኅበር ነበራቸው፤ እሳቸው ሊቀ መንበሯ ነበሩ። ባለፈው ግንቦት አንድ የእርዳታ ድርጅት ለማኅበሩ ትንሽ ትራክተር ሰጥቷል። ቁመቷ ከሰው ትከሻ ብዙም አይበልጥም፤ ጠባብ መደብ መካከል ገብታ ማረስ ትችላለች። ዝናቡ እስኪጠነክር ድረስ ቀን ከሌት አሠሯት። ክረምቱን ደግሞ ግማሹ በተቀደደ ሸራ ሥር ቆመች።

"አንቺ ሞተር ተምረሽ የለም እንዴ?" አሉኝ እትዬ ብርቄ፣ ለመግባት እንኳን ሳይሞክሩ። "ትራክተሯ ታቃስታለች። ማረሻውን ግማሽ ድረስ ታነሳና ትተወዋለች። ችግኙ በመደብ ላይ እያረጀብኝ ነው። ነይና እይልኝ እስቲ።"

የመስከረም መንገድ እንዴት እንደሚመስል ቄራ የኖረ ያውቀዋል። ከላይ የደረቀ የሚመስል፣ ሲረግጡት ግን ጫማ የሚውጥ ጭቃ። ቁልቁለቱን ስንወርድ የቄራው የበሬ ሽታ ቀስ በቀስ ይቀርና የእርጥብ አፈርና የሰላጣ ሽታ ይተካዋል። ትራክተሯ መደቡ ጥግ ቆማለች። አጠገቧ የሚነዷት ጋሽ ተካ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ሬዲዮ ያዳምጣሉ። ጋሽ ተካ ድሮ የአሰብ መስመር የከባድ መኪና ሹፌር ነበሩ፤ አሁን ጡረታ ወጥተው ማኅበሩን ያግዛሉ።

ከኋላ ያለውን የዘይት መለኪያ ዘንግ መዝዤ አየሁት። በእነዚህ ትንንሽ ትራክተሮች ላይ የካምቢዮው ዘይትና ማረሻውን የሚያነሳው ዘይት አንድ ነው፤ ከአንድ ሆድ ነው የሚጠጡት። ዘይቱ ጥርት ያለ ወርቅማ መሆን ነበረበት። እኔ ያየሁት ማኪያቶ ነው። በሸራው ቀዳዳ የገባው የክረምት ውሃ ከዘይቱ ጋር ተመትቶ አረፋ ሆኗል።

"ጋሽ ተካ፣ ዘይቱ ተቀይሮ ያውቃል?"

"ለምን ብሎ?" አሉ ከልባቸው ተገርመው። "የፋብሪካ ዘይት እኮ ነው። ከዚያ የተሻለ ከየት ይመጣል? ደግሞስ እኔ ዘይት የምቀይረው በኪሎ ሜትር ነው። ይህቺ ከወንዙ ወዲህ የት ሄዳ ታውቃለች?"

ሳቄ መጣ፤ ነገሩ ግን እውነትነት ነበረው። ሰዓት ቆጣሪውን አሳየኋቸው። ትራክተር የሄደችው መንገድ አይቆጠርም፤ የሠራችው ሰዓት ነው የሚቆጠረው። አዲስ ስትሆን ማርሾቿ ገና ስላልተላመዱ እርስ በርስ ሲፋተጉ ደቃቅ ብረት ያራግፋሉ። ለዚህ ነው የመጀመሪያው ዘይት ዕድሜው አጭር የሚሆነው፤ ሃምሳ ሰዓት እንደሠራች የሞተሩም የካምቢዮውም ዘይት ከነፊልትሮው ይወጣል። ከዚያ በኋላ የሞተሩ በየመቶ ሰዓቱ፣ የካምቢዮው ደግሞ ረዘም ብሎ። ሥራ ፈታ ብትቆም እንኳን ዓመት ሲሞላ ይቀየራል፤ ዘይት ቆሞም ያረጃል። የእኛዋ ቆጣሪ ከመቶ አልፎ ነበር።

"ከዚህ በኋላ አንድ ቀን ብታርስ ዘይቱን የሚገፋው ፓምፕ ይበላል" አልኳቸው ለሁለቱም። "ያ ፓምፕ ደግሞ እዚህ አገር የሚገኝ አይመስለኝም።"

እትዬ ብርቄ ወደ ችግኞቹ፣ ከዚያ ወደ እኔ አዩ። "አባላቱ ሰኞ ትታረሳለች ተብለዋል። እሑድ ማንም አይሠራም። ሰኞ ጠዋት አንቺ ከመጣሽ አስቆማቸዋለሁ። ካልመጣሽ ግን፣ ልጄ፣ የሰው አፍ አልችልም።"

ሰኞ ጠዋት። ስለ ቢሮው ሳልነግራቸው፣ ከሞተሩ የፈታሁትን አሮጌ ፊልትሮ በጋዜጣ ጠቅልዬ፣ በዚያው ከሰዓት ካዛንቺስ ወጣሁ።

ካዛንቺስ ያን ጊዜ የጀነሬተርና የውሃ ፓምፕ መለዋወጫ የሚሸጡ ሱቆች ነበሩባት። መብራት በጠፋ ቁጥር ሆቴሎቹና መሥሪያ ቤቶቹ የሚሯሯጡት ወደ እነሱ ነው። አንደኛው የነስሩ ሱቅ ነበር። ነስሩ ወጣት ነጋዴ ነው፤ ከአባቱ የወረሰውን ሱቅ ከጣራ እስከ ወለል በካርቶን ሞልቶታል። ፊልትሮውን ከጋዜጣው አውጥቶ፣ አገላብጦ፣ የሚታሰርበትን የብረት ጥርስ በጥፍሩ ዳሰሰ።

"የጀነሬተር ነው።"

"የትራክተር ነው" አልኩት።

"በቃ፣ ሞተራቸው አንድ ነው በይኛ።" መሰላል ላይ ወጥቶ ከላይኛው መደርደሪያ አንድ አቧራ የለበሰ ሣጥን አወረደ። ሁለቱን ጎን ለጎን አስተያየ፤ ልክ ናቸው። "ማነው የሚገጥመው?"

"እኔ ነኝ።"

ቀና ብሎ አየኝ። ሻይ ያዝዝልኛል ብዬ ጠበቅኩ። "የጎማ ቀለበቱን ዘይት ቀቢው" አለኝ እንጂ። "በእጅሽ ብቻ አጥብቂ፣ በቁልፍ እንዳትነኪው።"

"አውቃለሁ እኮ።"

"ማወቅሽንማ እያየሁ ነው። ለሁሉም ደንበኛ ነው የምለው።"

ለሁሉም ደንበኛ። ያቺን ቃል ይዤ ወደ ቄራ በሚሄደው ታክሲ ውስጥ ስቀመጥ፣ ከተመረቅኩ ጀምሮ እንደዚያ ደስ ብሎኝ የሚያውቅ አይመስለኝም።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እናቴ ቀሚሴን ተኩሳ በሩ ላይ ሰቀለችው። ሰማያዊ፣ ነጭ ኮሌታ ያለው ቀሚስ ነው። ቀኑን ሙሉ ከቤት ስወጣና ስገባ ትከሻዬን ይነካኛል። ቢሮው ክፉ ነገር አልነበረም፤ ቋሚ ሥራ ነው፣ አባቴ የለመነልኝ ነው። ወንዙ ዳር ያለችው ትራክተር ደግሞ የእኔ አይደለችም። ግን ከትምህርት ቤት ከወጣሁ በኋላ "ካልመጣሽ ይበላሻል" ያለኝ ሰው እትዬ ብርቄ ብቻ ነበሩ።

ሰኞ አባቴ ገና ሳይነጋ ወደ ሥራው ወጣ። እኔ ተነስቼ ቱታዬን ለበስኩ። እናቴ ሻይ እየቀዳች ቱታውን አየች፣ በሩ ላይ የተሰቀለውን ቀሚስ አየች።

"ወደ ወንዙ ነው የምሄደው" አልኳት።

"ለአባትሽ ማን ይነግረዋል?"

"አንቺ።"

"እኔ ምንም አልሰማሁም" አለችና ዳቦውን በሁለት ከፍላ ግማሹን ኪሴ ውስጥ ከተተችልኝ።

ስደርስ አባላቱ ተሰብስበዋል። አሮጌውን ፊልትሮ ለጊዜው መልሼ ገጥሜ፣ ጋሽ ተካ ሞተሩን አስነስተው እንዲያሞቁት ጠየቅኳቸው። ዘይት ሙቅ ሆኖ ሲወርድ ቆሻሻውን ይዞ ይወርዳል፤ ቀዝቅዞ ከሆነ ዝቃጩ ሆድ ውስጥ ይቀራል። ከዚያ አጥፍተን የታችኛውን ቡሎን ፈታሁት። የማኪያቶው ዘይት ከሥሯ ወዳስቀመጥነው ትልቅ ሳፋ በወፍራሙ ወረደ። ጋሽ ተካ ከመጨረሻው ጠብታ ጥቂት በመዳፋቸው ተቀብለው ወደ ፀሐይ ወጣ አሉ። በጣታቸው ፈተጉት። ደቃቅ ነገር አብረቀረቀ።

"ወርቅ ቤት የሚጠረግ አቧራ ይመስላል" አሉ በዝግታ። ከዚያ በኋላ ስለ ፋብሪካ ዘይት አንስተው አያውቁም። ወንፊት የመሰለችውን የብረት ማጣሪያ ከእጄ ወስደው በናፍጣ እያጠቡ፣ እንደ መነጽር ወደ ብርሃን እየያዙ ያዩአት ነበር።

የሞተሩንም ዘይት ለወጥን፣ የነስሩን ፊልትሮ ገጠምኩ። የካምቢዮውን ሆድ ማኅበሩ በገዛው አዲስ ዘይት ሞላን። ጋሽ ተካ መደቡን ዞረው፣ ማረሻውን እያነሱ እያወረዱ መለሷት። አሁን ማረሻው እስከ ላይ ይወጣል። ሴቶቹ እልል አሉ፤ ችግኝ የያዙት ቅርጫታቸውን አነሱ።

"ገና ነው" አልኩ። "ይሄኛውም ዘይት ይደፋል።"

ቅርጫታቸውን መልሰው አስቀመጡ። ከዚያ ሁሉም በአንድ ጊዜ ተናገረ። አዲስ ዘይት! ገና አሁን ያየናት! ይህቺ ልጅ ልታደኸየን ነው እንዴ? ልክ ነበሩ፤ ማን ቢሆን እንደዚያ ይላል። መለኪያውን መዝዤ አሳየኋቸው፤ የካምቢዮው ሆድ ግድግዳ ላይ ተጣብቆ የቀረው ውሃ ከአዲሱ ጋር ተቀላቅሎ ቀለሙ ደፍርሷል። የመጀመሪያው ሙሌት ማጠቢያ ነው፣ ለመሥሪያ የሚሆነው ሁለተኛው ነው። 

እትዬ ብርቄ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው ሲያዳምጡ ቆዩ። "እኔ ጎመን በአንድ ውሃ አጥቤ ለሰው ሸጬ አላውቅም" አሉ። "ጎመን እንኳን። ይደፋ!"

ተደፋ። ግን በጭቅጭቁ መካከል ትልቁን ሳፋ አሮጌውን ዘይት እንደያዘ አንድ ሰው አንስቶት ሄዷል። ያገኘሁት ትንሹን ነው። ትራክተሯ ሥር ጀርባዬን ጭቃ ላይ ጥዬ ቡሎኑን ስፈታ ከጣቶቼ አዳለጠኝና ጠልቆ ሳፋው ውስጥ ገባ። ዘይቱ ይወርዳል። ሳፋው ሊሞላ ነው፤ ከሞላ ሰላጣው መደብ ላይ ነው የሚፈስሰው። አውራ ጣቴን ቀዳዳው ውስጥ ወተፍኩ። ሙቁ ዘይት በክንዴ በኩል ወደ ብብቴ ገባ።

"አንድ ሰው ሳፋው ውስጥ እጁን ይክተት!" ብዬ ጮህኩ። "ቡሎኑ ሥሩ ላይ ነው!"

ከበላዬ የእግር ጋጋታ ሰማሁ፣ የ"አንተ ግባ፣ አንቺ ግቢ" ድምፅ። ከዚያ አንድ ሰው ከባድ ጉልበቱን ጭቃው ላይ አሳረፈ። እስከ ክርኑ የተጠቀለለ ነጭ ጋዋን አየሁ። ትልቅ እጅ፣ ሌባ ጣቱ ከጫፍ የሌለ፣ የደፈረሰው ዘይት ውስጥ ሳይቸኩል ሰጠመ።

አውራ ጣቴን ሳላነሳ አንገቴን ወደ እሱ አዞርኩ።

"ሙቅ ነው" አለ አባቴ።

"አሙቀን ነው የምናወርደው።"

"ለምን?"

"ሲሞቅ ቆሻሻው አብሮ ይወርዳል። ከቀዘቀዘ ይቀራል።"

"እንደ ሞራ" አለ። እጁ በሳፋው ውስጥ ቀስ ብሎ ዞረ። "በበሬ ሆድ ውስጥ በዳሰሳ ስሠራ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ አትቸኩይ። ... ይሄ ነው?"

ቡሎኑ መዳፉ ላይ ያብረቀርቃል። "እሱ ነው። ስጠኝ።" ተቀብዬ፣ አውራ ጣቴን አንስቼ፣ መልሼ አጠበቅኩት። አባቴ ሳፋውን ስቦ አወጣ፣ ባዶ አምጡ ብሎ በዚያ የሉካንዳ ድምፁ አዘዘ፣ አመጡ። ቀሪውን አብረን አወረድን። እኔ ከሥር፣ እሱ ከጎን። ስለ ቢሮው አንድ ቃል አላነሳም፤ እኔም አላነሳሁም። "አሁንስ?" ይለኛል፤ "አሁን ማጣሪያዋን፣ ከዚያ አዲሱን" እለዋለሁ፤ ያቀብለኛል።

ምሳ ሰዓት ላይ ሴቶቹ የተቀቀለ ድንች በሚጥሚጣ፣ ከመደቡ የተነቀለ ካሮት ታጥቦ አቀረቡ። ውሃ ወዳለበት ሳመራ አባቴ ክንዴን ያዘኝ። "ቅባት በውሃ አይጀመርም" አለኝ። ከምድጃው ዳር ቀዝቃዛ አመድ አፍሶ መዳፌ ላይ አደረገልኝና እጄን በእጁ ውስጥ ይዞ ይፈትግ ጀመር፤ በጣቶቼ መካከል፣ በጥፍሬ ዙሪያ። ከዚያ ሳሙና፣ ከዚያ ውሃ። ልጅ ሆኜ ካጠበኝ ወዲህ እጄን ይዞት አያውቅም። ያን ሁሉ ዓመት እሱ ማታ ማታ ጓሮ ብቻውን እንዲህ ሲታጠብ እንደኖረ ያን ጊዜ ነው ያሰብኩት።

ከሰዓት ትራክተሯ ማረስ ጀመረች። አፈሩ ሳይጠነክር ሳይረጥብ፣ ልክ በሰዓቱ ነበር፤ ጥቁሩ አፈር እየተገለበጠ ይተኛል፣ ወፎች ከኋላዋ ይወርዳሉ። ችግኙ በዚያው ሳምንት መሬት ገባ። ለገና ቄራ የበላው ጥቅል ጎመን ብዙው ከዚያ መደብ ነው። ጋሽ ተካ የመጋዘኑ በር ላይ የሚቀጥለውን የዘይት ሰዓት በጠመኔ ጻፉ፤ ሰዓቱ ሲቃረብ ራሳቸው ቤታችን መጥተው ይጠሩኝ ነበር። አዲስ ሸራም ገዝተው አለበሷት።

የመዝገብ ቤቱ ሥራ ለሌላ ልጅ ሆነ። ዘመዳችን ጥቂት ጊዜ አኩርፎ ተወው። ነስሩ ደግሞ ጀነሬተር የተበላሸበት ደንበኛ በመጣ ቁጥር "ቄራ አንዲት ልጅ አለች" ማለት ጀመረ፤ ከአንዱ ሆቴል ወደ ሌላው እያልኩ ካዛንቺስን ከምድር ቤቷ በኩል አወቅኳት። በኋላ ሰንጋ ተራ የራሴን ትንሽ ወርክሾፕ ከፈትኩ፣ አገባሁ፣ ወለድኩ። የወንዙ ዳር መደብ ዛሬ የለም። እትዬ ብርቄና ጋሽ ተካም አርፈዋል።

አባቴ አሁን ከእኔ ጋር ይኖራል። ጆሮው ትንሽ ደክሟል፣ የምግብ ፍላጎቱ ግን እንደ ድሮው ነው። ባለፈው ሳምንት ያቺን ብርቱካናማ ትራክተር ያየሁ ዕለት፣ ከደምበል ተነስቼ ቤት እስክደርስ ጨለም ብሎ ነበር፤ በረንዳ ላይ ጋቢውን ለብሶ ተቀምጦ አገኘሁት። አጠገቡ ተቀመጥኩና ይህን ሁሉ ዓመት ሳልጠይቀው የኖርኩትን ጠየቅኩት። ያን ሰኞ ወንዙ ዳር ለምን መጣህ?

"ልወስድሽ ነዋ" አለኝ፣ ቀላል ነገር የጠየቅኩት ይመስል። "ዘመድሽ ሉካንዳው ድረስ ደወለልኝ፣ አልመጣችም ብሎ። አለቃው እስከ ምሳ ሰዓት ይጠብቃታል አለ። የት እንዳለሽ ከእናትሽ ሰምቼ ታክሲ ኮንትራት ይዤ መጣሁ። መንገዱ ጭቃ ነው አልወርድም ስላለኝ ላይ አስቁሜው ነበር።"

ታክሲውን አላወቅኩም ነበር። ሹፌሩ ያን ቀን ስንት ሰዓት እንደጠበቀ፣ ማን እንደከፈለው፣ ምን ብሎ ተሳድቦ እንደሄደ እግዜር ይወቀው። አባቴ ያን ያህል ቆርጦ፣ ጋዋኑን እንኳን ሳያወልቅ፣ ቁልቁለቱን ወርዶ መጥቷል።

"ታዲያ ለምን አልወሰድከኝም?"

ግራ ገብቶት አየኝ።

"ሥራ ላይ ነበርሽ እኮ" አለኝ።